የተዝረከረከ የዲጂታል ሙዚቃ ክምችትን ስለ ማስተካከል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከሲዲ የተቀዱ፣ ከኢንተርኔት የወረዱና ከስልክ ወደ ስልክ የተላለፉ ዘፈኖች ለዓመታት በአንድ ኮምፒውተር ሲጠራቀሙ መዝረክረካቸው አይቀርም። ብዙ ሰው ሊያስተካክላቸው የሚነሣው ከተሳሳተ ግንዛቤ ስለሆነ ግን፣ ብዙ ከደከመ በኋላም ክምችቱ እንደ ነበረ ይቆያል፤ ሲብስም መልሶ የማያገኛቸውን ቅጂዎች ያጣል።

«የፋይሎቹን ስም አስተካክሎ በየፎልደሩ መደርደር ይበቃል።» ከሁሉ በላይ የተስፋፋው ስሕተት ይህ ነው። አብዛኞቹ ማጫወቻዎች ዘፈን የሚለዩት በፋይሉ ስም ሳይሆን በፋይሉ ውስጥ በተጻፈው መረጃ፣ ማለትም በታጉ ነው። የፋይሉ ስም ምንም ያህል ቢያምር ታጉ ባዶ ከሆነ፣ ማጫወቻው ዘፈኑን «ያልታወቀ ድምፃዊ» በሚለው ሥር ይከተዋል። ስለዚህ መቅደም ያለበት ታጉን ማረም ነው፤ ታጉ ከታረመ በኋላ እንደ ኤምፒ3ታግ ያለ ፕሮግራም ከዚያው መረጃ ተነሥቶ የብዙ ፋይሎችን ስም በአንድ ጊዜ ይለውጣል። በተለይ በታጉ ውስጥ «አልበም አርቲስት» (የአልበሙ ዋና ድምፃዊ) የሚባለው ቦታ ትኩረት ይፈልጋል። ይህ ቦታ ባዶ ከሆነ፣ እንግዳ ድምፃውያን የተሳተፉበት አንድ አልበም በበርካታ ማጫወቻዎች ላይ በየስሙ ተበታትኖ ይታያል።

«ርእሱ በማይነበብ ምልክት ከታየ ፋይሉ ተበላሽቷል።» አልተበላሸም፤ ድምፁ የተቀመጠበት ክፍል ከጽሑፉ የተለየ ነው። በ1996 የወጣው የመጀመሪያው አይዲ3 ታግ በፋይሉ መጨረሻ የሚቀመጥ 128 ባይት ብቻ ሲሆን፣ ለርእስ የተመደበለት ቦታ ከ30 የላቲን ፊደላት አይበልጥም ነበር። ከ1998 ጀምሮ የመጣው ሁለተኛው ትውልድ ግን ዩኒኮድን፣ ማለትም የብዙ ቋንቋዎችን ፊደላት የሚያካትተውን የኮምፒውተር አጻጻፍ፣ ስለሚቀበል የግዕዝ ፊደልን ያለ ችግር ይይዛል። አንድ ፋይል ሁለቱንም ታጎች ሊይዝ ስለሚችል፣ በአንዱ ማጫወቻ የተስተካከለው ርእስ በሌላው ተዛብቶ ሊታይ ይችላል። መፍትሔው አዲሱን ታግ በዩኒኮድ ጽፎ አሮጌውን ማጥፋት ነው። በዚሁ አጋጣሚ የአጻጻፍ ወጥነትም ሊታሰብበት ይገባል፤ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለአንባቢ አንድ ሰው ቢሆኑም ለኮምፒውተር ሁለት ድምፃውያን ናቸው።

«ኤምፒ3ን ወደ ፍላክ መቀየር ጥራቱን ይጨምራል።» ፍላክ ከድምፁ ምንም ሳይጥል የሚጨምቅ የፋይል ዓይነት ቢሆንም፣ በመቀየሩ የሚጨምረው የፋይሉ መጠን ብቻ ነው። የሲዲ ድምፅ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ገደማ ሲይዝ፣ በሰከንድ 128 ኪሎቢት ሆኖ የተጨመቀ ኤምፒ3 የሚይዘው የዚያን አንድ ዐሥራ አንደኛ ያህል ነው። በጭመቃው ጊዜ የተጣለው ድምፅ ፋይሉ ውስጥ ስለሌለ የትኛውም መቀየሪያ ሊመልሰው አይችልም። ከ128 ወደ 320 ማሳደግ ደግሞ ዳግመኛ መጭመቅ ስለሆነ ድምፁን ይበልጥ ይጎዳዋል። ጥራት የሚፈልግ ሰው ወደ ዋናው ሲዲ ተመልሶ እንደገና ይቅዳ።

«ተመሳሳይ ርእስ ያላቸው ዘፈኖች ድግግሞሽ ናቸው።» አንዱ በስቱዲዮ፣ ሌላው በመድረክ የተቀዳ ሊሆን ይችላል። ከመሰረዝ በፊት የዘፈኖቹን ርዝመት ማነጻጸር፣ ከዚያም ማዳመጥ ያስፈልጋል። ቀደም ሲል እንደተገለጸው ትልቁ ፋይል ሁልጊዜ የተሻለው አይደለምና፣ በመጠን ብቻ መርጦ የሚያጠፋ ፕሮግራም አይታመንም።

«አውቶማቲክ ፕሮግራም ሁሉንም ይጨርሰዋል።» ሙዚክብሬንዝ ፒካርድ የተባለው ታግ ማረሚያ ፕሮግራም የድምፁን አሻራ ከመረጃ ቋት ጋር አመሳክሮ ዘፈን መለየት ይችላል፤ ይህም እጅግ የሚያግዝ ችሎታ ነው። ሆኖም አንድ ቅጂ በመጀመሪያው አልበምም በኋላ በወጣ ስብስብም ስለሚገኝ፣ ፕሮግራሙ አንዱን አልበም በተለያዩ ስብስቦች ሊበትነው ይችላል፤ በቋቱ ያልተመዘገበ ዘፈንን ደግሞ ጨርሶ አያውቀውም። በእኔ እምነት ሺህ ፋይል በአንድ ጊዜ ከመስጠት ይልቅ አልበም በአልበም እያዩ ማጽደቅ ይሻላል።

«ክምችቱ ከክላውድ (በኢንተርኔት ካለ ማከማቻ) ጋር ስለተሳሰረ ቢጠፋም ይገኛል።» ማስተሳሰር ለውጥን ሁሉ ይከተላል፤ ከኮምፒውተሩ የተሰረዘው ከክላውዱም ይሰረዛል፤ የተሰረዘው ለተወሰነ ጊዜ ተጠብቆ የሚቆይበት አገልግሎት ቢኖርም ጊዜው ሲያልፍ መመለሻ የለውም። ስለዚህ አንድም ታግ ከመነካቱ በፊት ሙሉ ቅጂ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይወሰድ፤ ዲስኩም ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ ይቀመጥ፤ የታረሙት አልበሞች በኮምፒውተርም በስልክም ተከፍተው በትክክል መታየታቸው እስኪረጋገጥ ድረስ ያ ቅጂ አይነካ።