ተለዋዋጭ መማሪያ ክፍል ምንድን ነው?

ተለዋዋጭ መማሪያ ክፍል ማለት ጠዋት ተማሪ የሚማርበት፣ ከሰዓት ከጎረቤቱ ክፍል ጋር ተቀላቅሎ አዳራሽ የሚሆን፣ ማታ ደግሞ ለማታ ተማሪና ለሰፈር ስብሰባ የሚከፈት ክፍል ነው። የትምህርት እርከኑ ወደ 6-2-4 (6 ዓመት አንደኛ፣ 2 ዓመት መካከለኛ፣ 4 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ) ሲቀየር 7ኛና 8ኛ ራሳቸውን ችለው መካከለኛ ደረጃ ሆኑ፤ ሕንጻው ግን ያው የድሮው ነው፤ አዲስ ሲሠራ ለውጥን የሚችል ክፍል የሚፈለገው ለዚህ ነው። ቃሉን የሰማ ሁሉ ተንሸራታች ግድግዳ ያስባል። እሱ የመጨረሻው ሥራ ነው። ዋናው ነገር መሠረት ሳይቆፈር የትኛው ግድግዳ ሸክም እንደሌለበት መለየት ነው።

7 በ8 ሜትር የሆኑ ሁለት ክፍሎች ጎን ለጎን አሉ እንበል። አንዱ 56 ካሬ ሜትር ነው፤ 50 ተማሪ ሲገባበት ለአንድ ልጅ ከ1 ካሬ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ይደርሰዋል። የመሃሉ 7 ሜትር ግድግዳ ሲነሳ 112 ካሬ አዳራሽ ይገኛል። ይህ የሚሆነው ጣሪያው በኮለንና በቢም (በቋሚና በአግዳሚ ተሸካሚ) ላይ ካረፈ ብቻ ነው። በብሎኬቱ ላይ ካረፈ ያንን ግድግዳ መንካት አይቻልም። በሚነሳው ግድግዳ ላይ ሶኬት፣ ማብሪያና ማጥፊያ ወይም ሰሌዳ አይተከልም፤ እያንዳንዱ ክፍልም ወደ ውጭ የሚከፈት የራሱ በር ይኖረዋል።

ባሕር ዳር ላይ ሥራውን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ አፈሩ ነው። ጥቁር አፈር ባለበት ቦታ መሬቱ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ወለሉ በአንድ በኩል ጥቂት ሳንቲም ከፍ ካለ ብሎኬቱ በሞርታሩ መስመር እንደ ደረጃ ይሰነጠቃል፣ ተንሸራታቹም መሃል መንገድ ላይ ተነክሶ ይቆማል። ስለዚህ ጥቁሩ አፈር ተቆርጦ ይወጣል፤ በምትኩ ገረጋንቲ (ጠጠራማ የሙሌት አፈር) ይሞላል፣ በየ20 ሳንቲሙ ውሃ እየተርከፈከፈ ይጠቀጠቃል። ተንሸራታቹ ግድግዳ የሚሄድበት ሐዲድ ወለል ላይ ከተቀበረ በክረምት የተማሪ ጫማ የሚያመጣው ጭቃ ይሞላዋል። ከላይ ማንጠልጠል ይሻላል፤ ግን ክብደቱ ታስቦ በተሠራ ቢም ላይ እንጂ በጣሪያው ትራስ (ቆርቆሮውን በሚሸከመው ማዕቀፍ) ላይ አይደለም። ግድግዳው ኮርኒሱ ጋ የሚያበቃ ከሆነ ደግሞ ድምፁ በኮርኒሱ ላይ አልፎ የአንዱ ክፍል ሒሳብ ለሌላው ይሰማል። ክፍተቱ እስከ ጣሪያው ይደፈናል።

ፀሐዩን በቁጥር ማየት ይቻላል። ከተማው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ከደቡብ በኩል 55 ዲግሪ ከፍታ ላይ ትሆናለች፤ ቁመቱ 1.5 ሜትር የሆነን መስኮት ሙሉ በሙሉ ለማጥላት ከመስኮቱ አናት ጀምሮ 1 ሜትር ያህል የወጣ ጣሪያ ይበቃል። በሰኔ ከሰሜን በኩል 30 ሳንቲም ይበቃ ነበር፤ ለዝናቡ ሲባል ግን እዚያም 1 ሜትር ይሁን። ሐይቁ በሰሜን ስለሆነ ቀን ላይ ነፋሱ ከዚያው ይነሳል፤ መስኮት በሰሜንም በደቡብም ከሆነ አየሩ ክፍሉን አቋርጦ ይወጣል። ወደ ምሥራቅና ምዕራብ የዞረ መስኮት ግን ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትገባ የትኛውም ክፈፍ አይከልለውም። መሬቱ ጠባብ ነው ተብሎ የፀሐዩ አቅጣጫ ሳይታይ ሕንጻውን ወደ መንገድ ማዞር የተለመደ ስህተት ነው። ማታ የሚከፈት ክፍል የትንኝ ወንፊት ያስፈልገዋል፤ ወንፊት ነፋስ ስለሚቀንስ መስኮቱ ሰፋ ይላል።

ለሰፈሩ የሚከፈተው ክፍል ከዋናው ግቢ በአጥር ተለይቶ የራሱ መግቢያና መጸዳጃ ቤት ይኑረው። ወለሉ ከመሬት 45 ሳንቲም ከፍ ካለ፣ የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫው በ1 ለ12 ሒሳብ 5.4 ሜትር ይረዝማል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ዴስኩ ነው። ባለሦስት መቀመጫ ከሆነ ለሁለቱ ክፍሎች 34 ያህል ዴስክ ይኖራል። ግድግዳው ቢከፈትም እነሱን የሚያወጣቸውና የሚያኖራቸው ቦታ ከሌለ አዳራሽ የለም። ወይ ከክፍሉ ጀርባ የሚቆለፍ ማከማቻ ይሠራ፣ ወይ ከመጀመሪያው ሁለት ልጅ አንስቶ የሚያነባብረው ቀላል ጠረጴዛና ወንበር ይገዛ።