የውጭ ተማሪዎች በጃፓን ቤተሰብ መካከል፦ የኦይታ ግዛት ልምድ

ጃፓን ለትምህርት የሄደ ሰው አገሩን የሚያውቀው በክፍል ውስጥ ብቻ አይደለም። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችና የከተማ ማኅበራት ተማሪዎችን ወደ መንደር፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ሰው ቤት ይልካሉ። አጭሩ ዓይነት የአንድ ከሰዓት ጉብኝት ነው። ምሳ ወይም ሻይ ተጋብዞ ማታ ወደ ማደሪያ መመለስ ነው። በጣም የተለመደው ቅዳሜና እሑድን ከቤተሰብ ጋር ማሳለፍ ሲሆን፣ ሆምስቴይ ይባላል። ረጅሙ በተለይ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚዘጋጅ ነው፤ እስከ አንድ የትምህርት ዓመት ይዘልቃል።

ይህ ጽሑፍ ስለ አገሪቱ በጠቅላላው ጥቂት ይላል። ትኩረቱ ግን በኪዩሹ ደሴት ያለችው ኦይታ ግዛት ናት። በአማርኛ ብዙም አልተጻፈላትም፤ የሠራችው ሥራ ግን ሊነገርላት ይገባል። ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

አጀማመሩ

በሰው ቤት አድሮ አገር መማርን በድርጅት መልክ ያስጀመረው አሜሪካዊው ዶናልድ ዋት ነው፤ ዘመኑም 1932 ነበር። ጃፓን ለውጭ ተማሪዎች የመንግሥት ነፃ ትምህርት መስጠት የጀመረችው በ1954 ነው። የተማሪው ቁጥር የናረው ግን በኋላ ነው። በ1983 የጠቅላይ ሚኒስትር ናካሶኔ መንግሥት 100,000 የውጭ ተማሪ ለማስገባት ዕቅድ አወጣ፤ በ2003 ደረሰ። በ2008 ዕቅዱ ወደ 300,000 ከፍ አለ፤ በ2019 ቁጥሩ ከ312,000 አለፈ። በመሃሉ በ1989 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ግዛቶች የየራሳቸውን ዓለም አቀፍ ልውውጥ እንዲያቅዱ መመሪያ አወረደ። ዛሬ በየከተማው ተቀባይ ቤተሰብ የሚመዘግቡት በአብዛኛው የከተማ የልውውጥ ማኅበራት ናቸው። በእነዚህ አጫጭር ቆይታዎች ቤተሰቡ ብዙውን ጊዜ በበጎ ፈቃድ ነው የሚቀበለው።

ቤፑ

ቤፑ በኦይታ ያለች የፍል ውሃ ከተማ ናት። ከ2,000 በላይ ምንጮች አሏት፤ እንፋሎቱ ከየጣሪያው መሃል ሲወጣ ይታያል። በኤፕሪል 2000 ሪትሱሜይካን እስያ ፓስፊክ ዩኒቨርሲቲ ከከተማዋ በላይ ተራራው ላይ ተከፈተ። ከመጀመሪያውም ግማሽ ያህሉን ተማሪ ከውጭ ለማምጣት አስቦ የተነሳ ነው። በጃፓን እንዲህ ዓይነት ዩኒቨርሲቲ አልተለመደም ነበር። ሐሳቡን ከደገፉት ዋነኛው የግዛቱ ገዥ የነበሩት ሞሪሂኮ ሂራማትሱ ናቸው። እኚህ ሰው በ1979 "አንድ መንደር አንድ ምርት" የሚለውን እንቅስቃሴ ያስጀመሩ ናቸው፤ አሠራሩ ጃይካ በሚባለው የጃፓን የትብብር ድርጅት በኩል ወደ ደቡብ ኢትዮጵያም መጥቶ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነዋሪ ደስ አላለውም። ያን ያህል የውጭ ሰው በአንዴ ሲመጣ ሰፈሩ ይረበሻል ብለው የሰጉ ነበሩ። ያ ስጋት መሠረት እንዳልነበረው ከተማዋ ራሷ ምስክር ናት። ተማሪው በሱቁ ይሠራል፣ በበዓሉ ይሰለፋል፣ በትምህርት ቤቱ ስለ አገሩ ያስተምራል።

የሰፈር መታጠቢያ ቤቶቹ ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤት ናቸው። ብዙዎቹን የሚያስተዳድራቸው የነዋሪዎች ማኅበር ነው፤ መግቢያቸውም ርካሽ ነው። ከሁሉ የታወቀው በ1879 የተመሠረተው ታኬጋዋራ ነው፤ የዛሬው ሕንፃው በ1938 የተሠራ ነው። ወንድና ሴት ለየብቻ ይገባሉ። ልብስ ሙሉ በሙሉ ይወልቃል። መጀመሪያ ገንዳው ዳር ቁጭ ተብሎ በጣሳ ውሃ እየቀዱ መታጠብ ነው። ሳሙናው ሙልጭ ብሎ ሳይወርድ ገንዳ አይገባም፤ ፎጣም ውስጥ አይነከርም። ውሃው ያቃጥላል። ቀዝቃዛውን ቧንቧ መክፈት ይቻላል፤ ግን ውስጥ ያሉትን አዛውንቶች ሳያስፈቅዱ አይሆንም። ይህን ማንም ያልነገረው አዲስ ተማሪ ቧንቧውን ይከፍትና ይገሠጻል። ብዙ ጊዜ "ከየት አገር ነህ?" የሚለው ጥያቄ የሚከተለው ከተግሣጹ በኋላ ነው፤ ጉርብትናውም ከዚያ ይጀምራል።

በካናዋ ሰፈር ደግሞ በምድር እንፋሎት ይበሰላል። እንቁላል፣ ስኳር ድንች፣ ጎመን፣ ዓሣ ወንፊት ላይ ተደርድሮ በእንፋሎቱ ጉድጓድ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ክዳን ይገጠምበታል። ጋዝ የለ፣ ከሰል የለ።

አጂሙ

ከቤፑ ተራራውን ሲሻገሩ አጂሙ ይገኛል። በመኪና አንድ ሰዓት አይፈጅም። የወይን አገር ነው። ጠዋት ሜዳውን ጉም ይሞላውና ከኮረብታ ላይ ሲያዩት ባሕር ይመስላል። የጎተራዎቹ ግድግዳ ላይ በኖራ የተሠሩ ሥዕሎች አሉ፤ ዘንዶ፣ ነብር፣ የበረከት አማልክት። በ2005 ከኡሳ ከተማ ጋር ተቀላቅሏል።

በ1990ዎቹ የአጂሙ ችግር የጃፓን ገጠር ሁሉ ችግር ነበር። ወጣቱ ይሄዳል፣ ገበሬው ያረጃል፣ ቤቱ ባዶ ይሆናል። ጥቂት ገበሬዎች ተሰባስበው በ1996 የአጂሙ ግሪን ቱሪዝም ጥናት ማኅበርን አቋቋሙ። በዚያው ዓመት በወይን በዓል ሰሞን እንግዳ በቤታቸው አሳደሩ።

እንቅፋቱ ሕጉ ነበር። ገንዘብ ተቀብሎ ሰው ማሳደር የማረፊያ ቤት ፈቃድ ይጠይቃል። ለፈቃዱ የእንግዳ ክፍሎች ስፋት ቢያንስ 33 ካሬ ሜትር መሆን ነበረበት። ምግብ ለማቅረብም የራሱ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ገበሬ ይህን ሁሉ ከየት ያመጣል? አጂሙዎች በአባልነት ዘዴ መጡ። እንግዳው አስቀድሞ አባል ይሆናል፤ ስለዚህ ቤቱ ለማንም ክፍት የሆነ ማረፊያ አይደለም። ይህ ከሕጉ ጋር ይስማማ ነበር ወይ የሚለው ያከራክር ይሆናል። በ2002 ግን ኦይታ ግዛት ራሱ ነገሩን ፈታው። እንግዳ የቤቱን መታጠቢያ ከቤተሰቡ ጋር ሊጋራ ይችላል፤ ምግቡንም አብሮ ካበሰለ የምግብ ቤት ፈቃድ አይጠየቅም ተባለ። በማግስቱ ዓመት ማዕከላዊው መንግሥት የ33 ካሬ ሜትሩን ግዴታ ለገበሬዎች አነሳላቸው።

ከዚህ የተነሳ አንድ ደስ የሚል ነገር ተፈጠረ። እንግዳ ተቀምጦ እንዳይጠብቅ ያደረገው ሕጉ ነው። ተማሪው ሽንኩርት ይከትፋል፣ ሩዝ ያጥባል። ዳንጎጂሩ የሚባለውን የኦይታ ሾርባ ሲሠሩ የስንዴ ሊጡን ጠፍጠፍ አድርጎ በሁለት እጁ ይስባል፤ እንደ ቀበቶ ሲረዝም ሚሶ (የአኩሪ አተር ብልሃት ለጥፍ) ና አትክልት ወደሚፈላበት ድስት ይጥለዋል። የመጀመሪያው ሁልጊዜ ይበጠሳል። የቤቱ እናት ሳትናገር የሷን ታሳየዋለች። ቋንቋ ያላለቀለት ተማሪ እዚህ ጋ ነው የሚገላገለው፤ እጅ ሥራ ሲይዝ አፍም ይፈታል።

በአጂሙ አንድ ቀን ያደረ የሩቅ ዘመድ፣ አሥር ጊዜ ያደረ የሥጋ ዘመድ ይባላል። በጃፓን የገበሬ ቤት ማደር የተወለደው እዚህ ነው የሚለውን ሌሎች አካባቢዎች አይቀበሉ ይሆናል። ሥርዓት አበጅቶ ሕግ ያስላላው ግን አጂሙ ነው። ዛሬ ብዙውን እንግዳ የሚያመጡት የጃፓን ትምህርት ቤቶች ጉዞዎች ቢሆኑም የውጭ ተማሪውም ድርሻ አለው።

ቤት ውስጥ

ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ አፍንጫው ወደ ውጭ ዞሮ ይቀመጣል። ኮሪደር ላይ የቤት ነጠላ ጫማ ይደረጋል፤ ታታሚ በሚባለው የሣር ምንጣፍ ላይ ግን በካልሲ ብቻ ነው። መጸዳጃ ቤት የራሱ ጫማ አለው። እሱን አድርጎ ሳሎን መግባት የእንግዳ ሁሉ የታወቀ ስህተት ነው፤ አስተናጋጆቹም ይስቃሉ እንጂ አይቆጡም። የቤቱ ገንዳ ውሃ አንድ ነው፤ ሁሉም በየተራ ይገባበታል። እንግዳ ብዙ ጊዜ ቀድሞ እንዲገባ ይጋበዛል። ወጥቶ ውሃውን ካፈሰሰው የቤተሰቡን ሁሉ አፈሰሰ ማለት ነው። ቾፕስቲክ ሩዝ ላይ ቀጥ ብሎ አይሰካም፤ የለቅሶ ሥርዓት ነው። በኦገስት አጋማሽ የሙታን መታሰቢያ በሆነው በኦቦን ሰሞን የሄደ ተማሪ በቤቱ መቅደስ ፊት እጁን አጋጥሞ እንዲቆም ሊጋበዝ ይችላል። እምነቱ የማይፈቅድለት በትሕትና ቢተወው ማንም አይቀየምም።

የሚነሱ ጥያቄዎች

አንዳንድ ፕሮግራሞች ተማሪውን ኪሞኖ አልብሰው፣ የሻይ ሥርዓት አሳይተው፣ ፎቶ አንስተው ይመልሱታል። ይህ ባህል ማየት ሳይሆን ትርዒት ማየት ነው የሚል ትችት አለ፤ ትችቱም ትክክል ነው። ልጅ የቤት ሥራ ሲሠራ፣ አባት አምሽቶ ሲገባ ማየት ከዚያ ይበልጣል። ሌላው ጉዳይ ዕድሜ ነው። እንግዳ ለመቀበል የተነሱት ሰዎች እያረጁ ነው፤ ተተኪው ትንሽ ነው። በኮቪድ ጊዜ አዳዲስ ተማሪዎች እስከ 2022 መጀመሪያ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ መግባት አልቻሉም፤ የቤት ጉብኝቱም ቆመ።

ኢትዮጵያውያን

ኢትዮጵያውያን በጃፓን መንግሥት ነፃ ትምህርት ሲማሩ ቆይተዋል። በ2013 ይፋ የሆነው ኤቢኢ ኢኒሺዬቲቭም የአፍሪካ ወጣቶችን ለሁለተኛ ዲግሪ ሲያስገባ ኢትዮጵያውያን አሉበት። ቤተሰብ ዘንድ ሲሄዱ ቡና ይዞ መሄድ ያምራል። ቆልቶ ማፍላት ለሚፈልግ ግን የጭስ ደወል ስላለ ግቢ ውስጥ መቁላቱ ይሻላል።

የሚያስቸግረው ጾም ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው እንዳለ ሆኖ፣ የማይበላ ሰው ምግቡን ዓይቶ ሊለይ አይችልም። የሚሶ ሾርባውም፣ አትክልት ወጥ የሚመስለውም ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከደረቀ ቦኒቶ ዓሣ በተገኘ መረቅ ነው። መፍትሔው እዚያው ጃፓን ውስጥ አለ። የቡድሃ መነኮሳት ሾጂን ርዮሪ የሚባል ሥጋና ዓሣ የሌለበት ምግብ አላቸው፤ መረቁ ከባሕር ሣርና ከደረቀ እንጉዳይ ይወጣል። ስሙን ሲነግሯት ማንኛዋም አስተናጋጅ እናት ይገባታል። ጿሚው ይህን መናገር ያለበት ደጃፍ ላይ ሳይሆን ማመልከቻው ላይ ነው፤ ገበያ የሚወጣው እንግዳው ከመድረሱ በፊት ነውና። እንቁላልና ወተትም ለየብቻ መጻፍ አለባቸው። "ሥጋ አልበላም" ብቻ ብሎ የጻፈ ሰው ጠዋት እንቁላል ጥብስ ቢቀርብለት አስተናጋጇ አልተሳሳተችም።