ስለ ተበላሸ ፓወር ሰፕላይ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፓወር ሰፕላይ ከሶኬት የሚመጣውን 220 ቮልት ኤሲ (አቅጣጫው የሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ) ተቀብሎ ማዘርቦርዱ (ሌሎቹ ዕቃዎች የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) እና ዲስኩ ወደሚፈልጉት 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ዲሲ (አቅጣጫው የማይለዋወጥ ኤሌክትሪክ) የሚቀይር፣ ከኮምፒውተሩ ውጫዊ አካል (ኬዝ) ጀርባ የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚሰካበት የብረት ሳጥን ነው። የቤት ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አልበራ ሲል ሰዎች ከዚህ ሳጥን ጋር አያይዘው የሚሰጡት ፍርድ ብዙ ጊዜ ሳይመረመር የተሰጠ በመሆኑ፣ ደህናው ዕቃ ሲጣል፣ አንዳንዴም ሕይወት ለአደጋ ሲጋለጥ ይታያል።

«ኮምፒውተሩ ካልበራ ፋይሉም አብሮ ጠፍቷል»

ከሁሉም ይልቅ የሚያሳዝነኝ ይህ አመለካከት ነው፤ የልጆችን ፎቶግራፍና የዓመታት ጽሑፍ የያዘን ኮምፒውተር በብረት ዋጋ ያሸጣልና። ፋይሎቹ ያሉት በሃርድ ዲስክ ወይም በኤስኤስዲ ላይ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ሲበላሽ ዲስኩ ብዙውን ጊዜ ኤሌክትሪክ ከማጣት በቀር ምንም አይሆንም። አውጥቶ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ወይም በዩኤስቢ ማገናኛ መሞከር ይቻላል፤ ትልቁ የዴስክቶፕ ሃርድ ዲስክ ግን የራሱ ቻርጀር ያለው ማገናኛ ይፈልጋል። ከፍተኛ ቮልቴጅ አልፎ ዲስኩን የሚጎዳበት አጋጣሚ ቢኖርም፣ ሳይሞከር ተስፋ መቁረጥ አይገባም።

«ማብሪያው ሲጫን ዝም ካለ ፓወር ሰፕላዩ ተቃጥሏል»

ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አስቀድሞ ሶኬቱንና ማከፋፈያውን በሌላ ዕቃ መፈተሽ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ በሆነው የሞኒተር ገመድ ቀይሮ ማየት፣ ከጀርባ ያለው ማብሪያ ማጥፊያም በስህተት ተነክቶ እንዳይሆን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከዚህ በተጨማሪ ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ ሾርት ያደረገ፣ ማለትም ውስጡ ተነካክቶ ኤሌክትሪክ ያለ ልክ የሚስብ ዕቃ ሲገጥመው ራሱን ለመከላከል ወዲያው ይጠፋል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ለቅጽበት ተነሥቶ የሚጠፋ ከሆነ፣ ገመዱን ከሶኬት እየነቀሉ ዲስኮቹንና ተጨማሪ ካርዶቹን አንድ በአንድ በማላቀቅ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ይገባል።

«ፋኑ ከዞረና መብራቱ ከበራ ፓወር ሰፕላዩ ደህና ነው»

በማዘርቦርዱ ላይ የምትታየው ትንሽ መብራት ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን የሚሠራው የ5 ቮልት ተጠባባቂ መስመር መኖሩን ብቻ ነው የምትናገረው። ፋን ደግሞ ቮልቴጁ ከሚገባው በታች ወርዶም ይዞራል። የደከመ ፓወር ሰፕላይ በቀላል ሥራ ላይ ደህና መስሎ ይቆይና ጌም ወይም ከባድ ቪዲዮ ሲከፈት ኮምፒውተሩን በድንገት ያጠፋዋል፤ ባለቤቱም ቫይረስ ነው ብሎ ዊንዶውስ ደጋግሞ ይጭናል። ወደ ማዘርቦርዱ በሚገባው ትልቁ መሰኪያ ላይ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በማገናኘት የሚደረገው የተለመደ ሙከራም ሳጥኑ መነሣቱን እንጂ ሸክም መቻሉን አያሳይም። አስተማማኙ መንገድ ኮምፒውተሩ እየሠራ በመልቲሜትር (ቮልቴጅ በሚለካ መሣሪያ) መለካት ነው፦ በተለመደው የሽቦ ቀለም ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25፣ ብርቱካናማው ከ3.14 እስከ 3.47 ቮልት ባለው ውስጥ መሆን አለበት። ሆኖም መልቲሜትር ለቅጽበት የሚወርደውን ቮልቴጅ ላያሳይ ስለሚችል፣ ልኬቱ ደህና ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ ደህናነቱ በታወቀ ሌላ ፓወር ሰፕላይ መሞከር የመጨረሻው ፍርድ ነው።

«ኬዙ ከነዘረን ፓወር ሰፕላዩ ተበላሽቷል»

በአገራችን ቤቶች ይህ በጣም የተለመደ ቅሬታ ነው። በፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ላይ የኤሌክትሪክ ረብሻን የሚያጣሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) ከብረቱ አካል ጋር የተያያዙ ሲሆን፣ በእነርሱ በኩል የሚያልፈው እጅግ አነስተኛ ኤሌክትሪክ በመሬት መስመሩ፣ በተለምዶ ኧርዝ በምንለው፣ እንዲወጣ ታስቦ የተሠራ ነው። የቤቱ ሶኬት ኧርዝ ከሌለው ወይም ባለ ሁለት እግር ማከፋፈያ በመሃል ከገባ መውጫ ያጣል፤ የኬዙ ብረትም የመስመሩን ቮልቴጅ ግማሽ፣ ማለትም ወደ 110 ቮልት ይይዛል። የሚያልፈው መጠን ጥቂት በመሆኑ መንዘር ብቻ ይሰማል። አዲስ ፓወር ሰፕላይ ቢገዛም ያው ይነዝራል፤ መፍትሔው በኤሌክትሪክ ባለሙያ ትክክለኛ የመሬት መስመር ማስገባት ነው። ንዝረቱ ኃይለኛ ከሆነ ወይም ቆጣሪው ጋ ያለው ብሬከር ከወደቀ ግን ነገሩ ሌላ ነውና ወዲያውኑ ይነቀል።

«ፊውዙን ቀይሮ ማስነሣት ይቻላል»

ውስጥ ያለው ፊውዝ የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ ከኋላው ያለ ዳዮድ ወይም ትራንዚስተር የሚባል ክፍል ሾርት ስላደረገ ነው፤ አዲሱም በተሰካበት ቅጽበት ይከተለዋል። ከዚህ የሚብሰው በዋናው ካፓሲተር ውስጥ ከ300 ቮልት በላይ ዲሲ የሚጠራቀም መሆኑ ነው። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ሊቆይ ስለሚችል ያልሠለጠነ ሰው ሳጥኑን ፈጽሞ መክፈት የለበትም። ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም፤ ከፓወር ሰፕላይ ዋጋ የሰው እጅ ስለሚበልጥ ነው።

«ዋቱ የበዛ ያቃጥላል፤ ዋቱ ከተመጣጠነ ደግሞ ማንኛውም ይገጥማል»

የመጀመሪያው ፍርሃት መሠረት የለውም፤ 600 ዋት የሚችል ፓወር ሰፕላይ 150 ዋት ለሚፈልግ ኮምፒውተር የሚሰጠው 150 ዋት ብቻ ነው። አደጋው ያለው በሁለተኛው ግምት ነው። ከቢሮ ወጥተው በሁለተኛ እጅ የሚሸጡት ብዙዎቹ የዴል፣ የኤችፒና የሌኖቮ ኮምፒውተሮች የሳጥናቸው ቅርጽም ሆነ የመሰኪያቸው አሠራር ለብቻው ስለሆነ፣ አሮጌውን ይዞ ሄዶ ማመሳሰል ግድ ይላል። ገመዳቸው የሚነቀል ፓወር ሰፕላዮችም ገመዶቻቸው ቢገጥሙም እንኳ የውስጥ አደራደራቸው ከአምራች አምራች ስለሚለያይ፣ የአንዱን ገመድ ለሌላው መጠቀም ዲስክና ማዘርቦርድ ሊያቃጥል ይችላል። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው አሮጌ ኮምፒውተር ከጀርባው 115 እና 230 የሚል መቀየሪያ ካለው፣ ከመሰካቱ በፊት 230 ላይ መደረጉ ይታይ፤ 115 ላይ እንዳለ 220 ሲገባበት በፍንዳታ ድምፅ ይሰናበታል።

«ስታቢላይዘር ካለ ስጋት የለም»

ስታቢላይዘር ቀስ ብሎ የሚወርድና የሚወጣ ቮልቴጅን ያስተካክላል፤ መብራት ሲመለስ ለቅጽበት የሚመጣውን ከፍተኛ ግፊት ለመከላከል ግን ፍጥነቱ አይበቃም፤ መብራት ሲጠፋም የሚሰጠው ኃይል የለውም። ለመጥፋቱ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ከባትሪው ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ ያስፈልጋል። ዩፒኤስ ለሌለው ሰው ግን ምንም ወጪ የማይጠይቅ መከላከያ አለ፤ መብራት እንደጠፋ ገመዱን ከሶኬት ነቅሎ፣ ሲመለስም መስመሩ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃዎች ቆይቶ መሰካት ነው።