«ድር ቢያብር» ሲባል የትኛው ድር ነው?

ባለፈው ሰሞን በሰፈራችን ስብሰባ ላይ አንድ ተናጋሪ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለው ንግግራቸውን ከፈቱና ወዲያው የተለየ ሐሳብ ሊያቀርብ የተነሣውን ሰው «አንድነታችንን አታፍርስ፣ ተቀመጥ» አሉት። ከኋላቸው በተሰቀለው ጨርቅ ላይ ደግሞ ሸረሪት ተሥላለች። ሁለቱም ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ከሸረሪቷ ልጀምር። ሸረሪት አብዛኛውን ጊዜ ብቻዋን ነው የምትሠራው፤ ድሯም የሚወጣው ከአንድ ሆድ ነው። ታዲያ ከማን ጋር ያብራል? እኔ ይህ አነጋገር የተወለደው ከሸማኔ ደጃፍ ነው ባይ ነኝ።

ልጅ ሳለሁ አያቴ የፈተሉትን ልቃቂት በሰፌድ ተሸክሜ ወደ ሸማኔው ቤት አብሬያቸው እሄድ ነበር። ከዚያ በፊት ያለው ሥራ የሳምንታት ነው። ጥጡ ፍሬው እንዲወጣ ይዳመጣል፣ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፣ ከዚያ እንዝርቱ ይሾራል። ለድር፣ ማለትም በሸማው ቁመት ለሚወጠረው፣ የሚሆነው ፈትል ጠበቅ ብሎ ይከርራል፤ ለማግ፣ ማለትም በድሩ መካከል በአግድም ለሚገባው፣ የሚሆነው ለስለስ ይላል። አያቴ ሁለቱን ለየብቻ ያስቀምጡ ነበር፤ የተቀላቀለ እንደሆነ ሸማኔው በጣቱ ዳስሶ ያውቃል።

እኔ የምወደው ድሩ ሲደራ ማየት ነበር። ሸማኔው ግቢው ውስጥ ችካሎች ተክሎ ፈትሉን እየዘረጋ ከወዲያ ወዲህ ይመላለሳል። ሲጨርስ ክሮቹን እንደ ክራር አውታር በጣቱ መታ መታ ያደርጋቸዋል። አንድ ቀን አንዷ ላይ ቆመ፤ በጠሳት፣ ወጥሮ ቋጠራት። «ልጄ፣ አንዷ ከረገበች ሸማው ይጨማደዳል» አለኝ። ለአያቴም ዞር ብሎ «እትዬ፣ ይህቺኛዋ ሲፈትሏት እንቅልፍ ይዞዎት ነበር» ሲላቸው አያቴ ሳቁ።

ድሩ ከችካሉ ሲነሣ ተሰብስቦ እንደ ሹሩባ ይጎነጎናል። ያ በትንፋሽ የሚወዛወዝ ክር ክንድ የሚያህል ገመድ ሆኖ በሸማኔው ትከሻ ላይ ሲንጠለጠል አይቻለሁ። አንበሳውን ወደዚህ አባባል ያመጣው ሰው ይህንኑ ጉንጉን አይቶ መሆን አለበት፤ ከዚህ የሚያሳምነኝ ሌላ መነሻ አላገኘሁም።

እንግዲህ አባባሉ «ድር ቢበዛ» አላለም፤ «ቢያብር» ነው ያለው። ያበረ ድር እያንዳንዱ ክር በየቦታው፣ በእኩል ውጥረት የተዘረጋበት ነው። አንዱ በሌላው ላይ ከተኛ ይወሳሰባል፤ ማጉን የሚያሻግረው መወርወሪያም አያልፍም። በስብሰባው ላይ ያን ሰው ተቀመጥ ማለት ክር ማርገብ ነበር።

ዛሬ ድሩ ከፋብሪካ ስለሚመጣ በእጅ የሚፈተለው በአብዛኛው ማጉ ነው፤ ስለዚህ ልጆች «ድር» ሲባል ሸረሪት ቢታያቸው አልወቅሳቸውም። አባባሉን ሰው ለማስቀመጥ የሚጠሩትን ግን እወቅሳለሁ፤ ትርጉሙን ሳያውቁ አፍ ማዘጊያ አድርገውታል። ለሚቀጥለው ስብሰባ ጨርቁን የሚያሠሩት ሰዎች ሸረሪቷን አውርደው በቦታዋ ሁለት ችካልና የተወጠረ ፈትል ያሥሉልን፤ ያ ተቀመጥ የተባለው ሰውም ቀድሞ ይናገር።