ስለ ጡረታ የምንሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደመወዝ በወጣ ቁጥር ለጡረታ 7 በመቶ ይቆረጣል። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስትሰፋ ለምትውል የ20 ዓመት ልጅ ይህ የጠፋ ገንዘብ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት 30 ዓመት ላገለገሉ አባት ደግሞ ሲወጡ ሙሉ ደመወዛቸው የሚጠብቃቸው ይመስላቸዋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። በዕድር ስብሰባ፣ በለቅሶ ቤት፣ ሰርቪስ ሲጠበቅ የሚወራውን አንድ በአንድ ላንሳ። አሁን የሚሠራባቸው ሕጎች ሁለት ናቸው። ለመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1267/2014፣ ለግል ድርጅት ሠራተኞች አዋጅ 1268/2014።

«ጡረታው ባይቆረጥብኝ ይሻለኛል»

ይሄ ወሬ ሐይቁ ዳር ባሉ ሆቴሎችና በየሱቁ በደንብ ይሰማል። አሠሪው «ተስማምተን እንተወው፣ እጅሽ ላይ የሚገባው ይጨምራል» ይላል። ሠራተኛዋም ደስ ይላታል። ያልተነገራት ነገር ግን አሠሪው ከራሱ ኪስ 11 በመቶ የመጨመር ግዴታ እንዳለበት ነው። ደመወዝዋ 5,000 ብር ከሆነ ከእሷ 350 ብር ይቆረጣል፤ አሠሪው 550 ብር ያክላል። በወር 900 ብር በስሟ ይገባል ማለት ነው። በስምምነቱ ያተረፈው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ደግሞም እንዲህ ያለ ስምምነት በሕግ ዋጋ የለውም። የጡረታ ዐቅዱ ግዴታ ነው። ከሠራተኛው መቁረጥ ሲገባው ያልቆረጠ አሠሪ ራሱ እንዲከፍል ይገደዳል። «ኮንትራት ስለሆንኩ አይመለከተኝም» የሚሉም አሉ። የግል ድርጅት ውስጥ ጡረታ ለቋሚ ሠራተኛ ብቻ የተሰጠ አይደለም። የቤት ሠራተኞች ግን በዚህ ግዴታ ውስጥ አልገቡም። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ቤት ያቆሙ ናቸውና።

«ሥራ ስቀይር ያለፈው ይሰረዛል»

አይሰረዝም። ብዙ ወጣቶችን የሚጎዳው ይሄኛው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ፓርኩ ውስጥ ጥቂት ጊዜ ሠርቶ መልቀቅ የተለመደ ነው። አንዷ ወደ ሌላ ፋብሪካ ትሄዳለች፣ ሌላዋ ካፌ ትቀጠራለች፣ ሌላው ፈተና አልፎ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይገባል። አገልግሎቱ ይደመራል እንጂ በየጊዜው ከዜሮ አይጀመርም። ከግል ወደ መንግሥት፣ ከመንግሥት ወደ ግል ብትዛወሩም ይያዝላችኋል። የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። እነዚህን 10 ዓመታት አንድ ቦታ ተቀምጦ መሙላት ግን ግድ አይደለም።

አገልግሎቱ በተግባር የሚጠፋው በሰነድ ጉድለት ነው። ስለዚህ የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ያዙ። አዲሱ መሥሪያ ቤት ስትገቡ ያንኑ ቁጥር ስጡ፤ እንደ አዲስ አትመዝገቡ። ስትለቁ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ሳትቀበሉ አትውጡ። ከቀድሞው አለቃ ጋር ተኳርፋችሁም ቢሆን ደብዳቤውን አትተዉት። ፔሮሉ ላይ «ጡረታ» ተብሎ የተቆረጠው በእርግጥ ገቢ መሆኑንም ሥራ ላይ እያላችሁ ጠይቁ። ድርጅቱ ተዘግቶ ባለቤቱ አገር ከለቀቀ በኋላ ማጣራት አበሳ ነው።

«ስወጣ ደመወዜን እንዳለ አገኛለሁ»

አበሉ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የዚህ አማካይ 30 በመቶ ይያዛል። ከ10 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። የሠራዊትና የፖሊስ አባላት ጭማሪ ከዚህ ከፍ ይላል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው።

በቁጥር እንየው። አማካይ ደመወዛቸው 10,000 ብር የሆነ፣ 30 ዓመት ያገለገሉ መምህር አሉ እንበል። 30 በመቶው አለ። ቀሪዎቹ 20 ዓመታት በ1.25 ሲባዙ 25 በመቶ ይሆናሉ። ድምሩ 55 በመቶ፣ ማለትም በወር 5,500 ብር ነው። በ10 ዓመት ብቻ ቢወጡ ኖሮ 3,000 ብር ይሆን ነበር። 10 ዓመት ሳይሞላው ጡረታ ዕድሜው የደረሰ ሰው ደግሞ ወርሃዊ አበል ሳይሆን ዳረጎት የሚባለውን የአንድ ጊዜ ክፍያ ይወስዳል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ስሌቱ የሚያየው መደበኛውን ደመወዝ ነው። የትራንስፖርት፣ የቤት አበልና የትርፍ ሰዓት ክፍያ አይገቡበትም። ስትቀጠሩ ደመወዙ ትንሽ፣ አበሉ ብዙ ከሆነ የዛሬው ኪስ ይሞላል፣ የነገው ጡረታ ግን ይቀጥናል። ስትደራደሩ ይህን አስቡበት።

«ሴት በ55 ትወጣለች»

መደበኛው የጡረታ ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 60 ነው። ቢያንስ 25 ዓመት ያገለገለ ሰው ሥራ ቢለቅ አበሉ በ55 ሊጀምርለት ይችላል፤ ይህም ለሁለቱም ነው።

«ዕድሜዬን በኋላ አስቀንሳለሁ»

አይሠራም። የሚታየው መጀመሪያ ስትቀጠሩ የተመዘገበው የልደት ቀን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ፎርም በግምት አትሙሉ።

«ጡረታዬን ለምወደው ልጄ አወርሳለሁ»

ጡረታ በኑዛዜ አይተላለፍም። ማን እንደሚያገኝ ሕጉ ራሱ ወስኗል፤ «ተተኪዎች» ይላቸዋል። እነሱም የትዳር ጓደኛ፣ አካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች እና በሟች ድጋፍ ይኖሩ የነበሩ ወላጆች ናቸው። አድጎ ሥራ የያዘ ልጅ፣ እህት፣ ወንድም የሉበትም።

የትዳር ጓደኛ የሟችን አበል 50 በመቶ ያገኛል። እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ፣ ሁለቱንም ወላጆቹን ያጣ ከሆነ 30 በመቶ። የመምህሩን ምሳሌ ብንወስድ ባለቤታቸው 2,750 ብር፣ አንድ ልጃቸው 1,100 ብር በወር ያገኛሉ። የሁሉም ድምር ከሟች አበል መብለጥ አይችልም፤ ካለፈ ተቀናንሶ ይከፈላል።

ሟች ጡረታ ያልወጣ፣ ሥራ ላይ የነበረ ቢሆንም 10 ዓመት ካገለገለ ተተኪዎቹ መብት አላቸው። ይህን ባለማወቅ ልጆቿን ይዛ ወደ ገጠር የተመለሰች እናት ትኖራለች ብዬ ሳስብ ሆዴ ይባባል። የቤተሰብ ፎርሙ ላይ ባለቤታችሁንና ልጆቻችሁን ዛሬ አስመዝግቡ። የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት አያይዙ። ልጅ ሲወለድ፣ ፍቺ ሲኖር አሳውቁ። ሐዘንተኛ ቤተሰብ ማስረጃ ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ መንከራተት የለበትም።

«10 ዓመት ሳይሞላኝ ብጎዳ ምንም የለኝም»

ጉዳቱ በሥራ ምክንያት ከደረሰ የአገልግሎት ዘመን አይጠየቅም። በጉዳቱ መሥራት ያልቻለ ሰው የደመወዙን 47 በመቶ በየወሩ ያገኛል። ድርጅቱ ባቀረበው ሰርቪስ ወደ ሥራ ሲሄዱ ወይም ሲመለሱ የሚደርስ አደጋም የሥራ ጉዳት ነው። ወዲያው ለአሠሪው አሳውቁ፣ የሐኪም ማስረጃውንም አስቀምጡ።

«ቢሮው አይገባህም ካለኝ አለቀ»

አላለቀም። ጡረታን የሚያስተዳድረው ቢሮ፣ ማለትም የማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደሩ፣ በሰጠው ውሳኔ ያልተስማማ ሰው ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ማመልከት ይችላል። ውሳኔውን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ውሳኔው እጃችሁ የገባበትን ቀን መዝግቡ። ይግባኙም ሆነ የጡረታ ጥያቄው የጊዜ ገደብ ስላለው ሳትውሉ ሳታድሩ ሂዱ።