ደጋው ወዴት እየሸሸ ነው? ስለ አየር ንብረት ቀጠና ካርታ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ። በአገራችን ትምህርት ቤት ገብቶ እነዚህን አምስት ስሞች ያልሸመደደ ሰው አይገኝም። አባቶቻችን ቴርሞሜትር ሳይኖራቸው አገሩን በብርዱና በአዝመራው ከፋፍለው ያወቁበት ጥበብ ስለሆነ እኔ እኮራበታለሁ። የሚያሳስበኝ ስሞቹን ለቦታው እስከ ወዲያኛው የተሰጡ አድርገን መያዛችን ነው። የአገሪቱ የሙቀት ካርታ በተከለሰ ቁጥር የሚነሱት ብዙዎቹ ክርክሮች የሚመነጩትም ከዚሁ ነው።

«ደጋ በከፍታ ስለሚለይ አይለወጥም»

የተማርነው ሰንጠረዥ ወይና ደጋን ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር፣ ደጋን ደግሞ ከዚያ በላይ እስከ 3,200 ሜትር ያደርገዋል። ተራራው ባለበት ቆሞ ደጋው እንዴት ይንቀሳቀሳል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ሜትሩ ግን ለብርዱ ምልክት እንዲሆን የገባ ቁጥር ነው። ገበሬው ደጋን ደጋ ያለው ገብስና ባቄላ ስለሚሰምርበት፣ ማሽላ ደግሞ ሳያፈራ ስለሚቀርበት ነው።

በአማካይ 100 ሜትር ሽቅብ በወጣን ቁጥር አየሩ 0.65 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀዘቅዛል። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ 1.3 ዲግሪ ጨምሯል። ሁለቱን ቁጥሮች ስናካፍል 200 ሜትር እናገኛለን። በ1960 በ2,300 ሜትር ላይ የነበረውን ብርድ በ2006 ለማግኘት እስከ 2,500 ሜትር መውጣት ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። የአዲስ አበባ መሃል ከተማ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛል። በዚህ ስሌት ከከተማዋ እግር ሥር የነበረው የደጋ ድንበር መሃሏን አልፎ ወደ እንጦጦ አቀበት ወጥቷል። የተዳፋቱ አቅጣጫ፣ ደመናው፣ ደኑና የከተማው አስፋልት ከቦታ ቦታ ስለሚለያዩት ይህ ግምታዊ ስሌት ነው፤ የጉዞው አቅጣጫ ግን አያከራክርም።

ድንበሩ በወጣ ቁጥር የተራራው ስፋት እየጠበበ ይሄዳል። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ከጫፉ በላይ ግን ለጅብራም ለዋልያም መሸሻ የለም።

«ትናንት ሌሊት ውርጭ ጥሎ አድሯል፤ ታዲያ ሙቀቱ የታለ?»

ውርጩ እውነት ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማሳው ነጭ ሆኖ ያደረበት ገበሬ የደረሰበትን ጉዳት ማንም ሊያስተባብለው አይችልም። ካርታው ግን የአንድ ሌሊት ሳይሆን የ30 ዓመት አማካይ ነው፤ አሁን በዓለም ደረጃ የሚሠራበትም እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2020 ያለው ነው። ለማነጻጸሪያ በተያዘው የመነሻ ዘመን ከመቶ ሌሊት አሥሩ ብቻ ይደርሱበት የነበረውን ሙቀት ያለፈ ሌሊት «ሞቃት» ይባላል። በዚህ መለኪያ በኢትዮጵያ ከ1960 እስከ 2003 ሞቃት ሌሊቶች በዓመት በ137፣ ሞቃት ቀኖች በ73 ጨምረዋል። ለውጡ የበረታው እኛ ተኝተን ሳለ ነው። ብዙ ሰው ያላስተዋለውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ወባም ከዚሁ ጋር ትነሳለች። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት በደብረ ዘይት አካባቢ ሞቅ ባሉ ዓመታት ወባ ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንደምትወጣ አሳይቷል። ሆኖም ደጋ የወጣች ወባ ሁሉ በረጅም ጊዜ የሙቀት ለውጥ ብቻ አትመካኝም። እ.ኤ.አ. በ1958 እስከ 2,150 ሜትር ደርሶ 150,000 ያህል ሰው እንደፈጀ የሚገመተው ወረርሽኝ የተነሳው የዛሬው ሙቀት ከመምጣቱ በፊት ነበር።

«ዝናቡ ካልቀነሰ አገሩ አይደርቅም»

ከሁሉም ይበልጥ ሊታረም የሚገባው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የክረምቱ ዝናብ ከዓመት ዓመት ይዋዥቃል እንጂ ወጥ የሆነ የመቀነስ አዝማሚያ አይታይበትም። በደቡብና በምሥራቅ ግን የበልጉ ዝናብ መዳከሙን የቦረናና የሶማሌ አርብቶ አደር በከብቱ ሬሳ ቆጥሮታል።

ይሁን እንጂ ድርቀት የሚለካው በወረደው ውኃ ብቻ አይደለም። የአየር ንብረት ተመራማሪው ቭላዲሚር ኮፐን የጀመረውና እስከ ዛሬ የሚሠራበት የቀጠና አከፋፈል ዝናቡን ከሙቀቱ ጋር ያመዛዝናል። ዝናቡ በአብዛኛው በሞቃቱ የዓመቱ አጋማሽ ለሚወርድበት አገር ቀመሩ እንዲህ ነው፦ የዓመቱን አማካይ ሙቀት በ20 ማባዛት፣ 280 መደመር። ዓመታዊ ዝናቡ በሚሊ ሜትር ከዚህ ካነሰ ቦታው ከደረቅ ወይም ከከፊል ደረቅ ይመደባል።

አማካይ ሙቀቱ 22 ዲግሪ የሆነና በዓመት 730 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚያገኝ ወረዳ እናስብ። ወሰኑ 720 ስለሆነ ለጥቂት ተርፏል። ሙቀቱ በ1.3 ዲግሪ ሲጨምር ወሰኑ 746 ይሆናል። አንዲት ጠብታ ሳትጎድል ወረዳው ካርታው ላይ ከፊል ደረቅ ሆነ። «ዝናቡ እንደ ድሮው ነው፣ አፈሩ ግን ቶሎ ይደርቅብናል» የሚለው ገበሬ የተናገረው ይህንኑ ነው።

«ወይና ደጋው ከሰፋ ቡናችን ይበዛል»

በከፊል እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት አሁን ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል፣ ተክሉ ወደ ላይ ከተዛወረ ግን የሚመቸው መሬት ከአራት እጥፍ በላይ ሊሰፋ እንደሚችል ገምቷል። ነገር ግን ቡና በራሱ እግር አይሄድም። ከላይ ያለው መሬትም ባለቤት፣ ገብስና ደን አለው።

«ሁለት ካርታ ማነጻጸር ይበቃል»

የሚበቃው ሁለቱ በአንድ መስፈርት ከተሠሩ ብቻ ነው። የወይና ደጋን የላይኛ ድንበር አንዱ መጽሐፍ 2,300፣ ሌላው 2,400፣ ሌላው 2,500 ሜትር ላይ ያሰምራል። የአንዱን አሮጌ ካርታ ከሌላው አዲስ ካርታ ጋር ያስተያየ ሰው ተፈጥሮ ያላመጣችውን ለውጥ ያያል።

«ሳተላይት እያለ የጣቢያ መዝገብ ምን ያደርጋል?»

ሳተላይት የሚለካው የመሬቱን ገጽ ሙቀት ነው። በበጋ ቀትር የተራቆተ መሬት በባዶ እግሩ የረገጠ ሰው ያ ሙቀት ከሚተነፍሰው አየር ምን ያህል እንደሚርቅ ያውቀዋል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር በሠራው የመረጃ ቋት የጣቢያዎቹ ልኬት ከሳተላይቱና ከከፍታ መረጃው ጋር ተዋህዷል። ጣቢያዎቹ በብዛት የሚገኙት በደጋውና በመንገድ ዳር ነው፤ ቆላው ሰፊ ሆኖ ሳለ የሚለካለት ጥቂት ነው።

ጣቢያው ራሱ ቀላል ነገር ነው፦ በእግሮቹ የቆመ፣ ጎኑ አየር እንዲያስገባ የተሸነሸነ ነጭ የእንጨት ሳጥን። ውስጡ በተጋደመው ቴርሞሜትር አልኮሉ ሌሊት ሲቀዘቅዝ አንዲት ቀጭን ዘንግ ይዞ ይወርድና ሲሞቅ እዚያው ትቷት ይመለሳል። ታዛቢው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መጥቶ ዘንጓ የቆመችበትን ያነባል፣ ይጽፋል፣ ቴርሞሜትሩን አዘንብሎ ዘንጓን ወደ አልኮሉ ጫፍ ይመልሳል። ከላይ የጠቀስናቸው ሞቃት ሌሊቶች የተቆጠሩት ከእንዲህ ዓይነት መዝገብ ነው። በጦርነት ወይም በበጀት እጦት ምዝገባው የተቋረጠበትን ወር ዛሬ ተመልሶ የሚያነበው የለም። የጎረቤት ጣቢያ ካለ በእሱ ይገመታል፤ ከሌለ ቦታው ባዶ ይቀራል።