ኤልያስ መጀመሪያ ተኛ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ጠዋት ታውቁታላችሁ። ሣሩ በውርጭ ነጥቷል፣ ውኃው እጅ ይቆርጣል። በዚያ ብርድ የ8 ዓመቱ ልጄ አንድ እግር ጫማ አድርጎ ቤቱን ይዞራል። ሌላኛው የለም። "ሹራብህን ልበስ፣ ጫማህን ፈልግ፣ ቦርሳህን ያዝ!" አልኩት። ጫማ ፍለጋ አልጋ ሥር ገባ። እዚያው ብይ አገኘና ሲያንከባልል ቀረ። ጮህኩበት። ሰፈሩ እስኪሰማ ጮህኩበት። ውዳሴ ማርያም ደግሜ መጽሐፉን ገና ቦታው እንኳ አልመለስኩትም ነበር።

ልጄ ኤዲኤችዲ አለበት። ትኩረቱ ይበተናል፣ ሰውነቱ ዝም ማለት አይችልም፣ ሳያስብ ያደርጋል። ነገሩ ከአንጎል እድገት ጋር የተያያዘ ነው። በዘር የመውረድ ዕድሉም ከፍተኛ ነው። እናት ስላሞላቀቀች የሚመጣ አይደለም። ይህን ለጎረቤት ማስረዳት ግን ሌላ ሥራ ነው። "ቅብጠት ነው" ይላል አንዱ። "በርበሬ እጠኚው" ትላለች ሌላዋ። ቡዳ ነው ያሉም አልጠፉም። አንድ እሑድ ደግሞ በቅዳሴ መካከል "ልጅሽን ያዢ እንጂ!" ተባልኩና ነጠላዬን ተከናንቤ ደጅ ወጥቼ አለቀስኩ።

ለረጅም ጊዜ ድካሜን እንደ ኃጢአት ነበር የምቆጥረው። እምነት ቢኖረኝ እንዲህ አልመረርም ነበር እያልኩ። ይህን ሐሳብ ያስጣለኝ ነቢዩ ኤልያስ ነው። 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19ን አንብቡት። እሳት ከሰማይ ያወረደ ሰው ብዙም ሳይቆይ በረሃ ገብቶ ክትክታ ዛፍ ሥር ቁጭ አለ። "ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ" አለ። እግዚአብሔር ምን መለሰለት? አልገሠጸውም። "እምነትህ የት ሄደ?" አላለውም። ኤልያስ ተኛ። መልአኩ ቀሰቀሰው፤ ራስጌው እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ እንደገና መጣ። "የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ" አለው። "በዚህ ምን ታደርጋለህ?" የሚለው ጥያቄ የመጣው ከ40 ቀን ጉዞ በኋላ፣ ኮሬብ ተራራ ላይ ነው።

እኔ ግን ሳልበላና ሳልተኛ ነበር ኮሬብ ለመድረስ የምሮጠው።

መንገዱ ሩቅ መሆኑን ካመንኩ በኋላ ጠዋቱን ቀየርኩት። አሁን አንድ ነገር ብቻ ነው የምለው። አጠገቡ ሄጄ፣ ትከሻውን ይዤ፣ "ሹራብህን"። ሲለብስ "ጎበዝ!" እለዋለሁ፣ እዚያው በዚያው። ከዚያ ጫማ። ሦስት ትእዛዝ ባንድ ላይ ስደረድርለት ሁለቱ ይጠፉበታል፤ እምቢተኛ ስለሆነ አይደለም። ጫማው ደግሞ ማታውኑ በር ሥር ይቀመጣል። ንዴቱ ሲመጣብኝ መቁጠሪያዬን ይዤ ሦስት ጊዜ "ኪርያላይሶን" እላለሁ፣ ቀስ ብዬ፣ ትንፋሼ እስኪረጋ። አንዳንድ ቀን ሦስቱ አይበቃም። አሁንም የምጮህበት ቀን አለ። ያኔ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ሐዋርያው "ልጆቻችሁን አታስቆጡአቸው" ያለው ለእኔም ነው።

ስለ ጸበልና መድኃኒት ብዙ እኅቶች ይጠይቁኛል። ጻድቃኔ ማርያምም ሸንኮራ ዮሐንስም ሂዱ፤ እኔም ወስጄዋለሁ። ሐኪም ያዘዘውን ኪኒን ግን ቤት ትታችሁ አትሂዱ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪሙን አክብር ይላል፤ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረው ራሱ እግዚአብሔር ነውና። ልጃችሁ ከ6 ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከኪኒን ሳይሆን ለወላጅ ከሚሰጥ ሥልጠና ነው። የቁርባን ቀን ኪኒኑ መቼ ይዋጥ የሚለውን ሐኪሙንም ንስሐ አባታችሁንም ጠይቁ። እኔ አልወስንላችሁም።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጄን የማይችለው ቤተ ክርስቲያኑ ሳይሆን አንዳንዱ ሰው እንደሆነ የገባኝ በስቅለት ዕለት ነው። ሲሰግድ ዋለ። ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ይቆጥራል፣ ይሳሳታል፣ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ጉልበቱ አቧራ ለብሷል፣ ፊቱ ያበራል። የዚያን ቀን "ተቀመጥ" ያለው ሰው የለም። ሥርዓታችን ቆሞ የሚዘመርበት፣ የሚሰገድበት፣ የሚሸበሸብበት ነው። በሌላው እሑድ መቁጠሪያ አስይዤው በር አካባቢ እንቆማለን። ሲበዛበት ወጥተን ግቢውን አንድ ዙር ዞረን እንመለሳለን።

እንጎቻውን ያመጣልኝ ማን ነው? የክርስትና አባቱ ሚስት ናት። እንድትረዳኝ ለመጠየቅ ሁለት ዓመት አፍሬያለሁ። በመጨረሻ ቡና ላይ ሳለሁ አመለጠኝ፤ "ደክሞኛል" አልኳት። ስኒዋን አስቀመጠችና "አንቺ ልጅ፣ እኔ በክርስትናው ቀን አጠገባችሁ የቆምኩት ለፎቶ መሰለሽ?" አለችኝ።

አሁን ቅዳሜ ከሰዓት ትወስደዋለች። ዶሮዎቿን ሲያባርር፣ እንጨት ሲያቀብላት ይውላል። የመጀመሪያው ቅዳሜ ቤቱን ላጸዳ፣ ልብስ ላጥብ፣ የቀረብኝን ዳዊት ልደግም አስቤ ነበር። ጋቢዬን ተከናንቤ ለአፍታ ጋደም አልኩ። ስነቃ ጨልሞ፣ እሱ ራስጌዬ ቆሞ ግማሽ የተበላ ዳቦ ይዞልኝ ነበር።